ያልተወለዱት የጋሽ ዝቅአርጋቸው ለቅሶ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝበት የእናቴ አጥንት ይውጋኝ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ እስከ መጋቢት 2094 ዓ.ም. ድረስ ከእውነት በቀር ምንም ነገር እንዳልጽፍ በማኅተም ታግጃለሁ። አሁን የምጽፈውም በአቤቱታ ሰዓቴ ነው፤ አቤቱታ በወር አንድ ሰዓት ይፈቀዳል። ስለዚህ መሀል ላይ ደርሰህ «ይሄማ አይሆንም» ያልክ እንደሆነ ንዴትህን ወደ እኔ አታዙር። እኔ እንደሆነው ነው የጻፍኩት። እንዲሆን ያደረጉት ሌሎች ናቸው።

ስሜ ሽብሩ ወርዶፋ ይባላል። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል፣ እሷም እስከ ጥር ብቻ። የምሠራው ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ኮንቴይነሩን ማሽን ይከፍተዋል፣ ማሽን ይዘጋዋል፣ እኔ መሀል ቆሜ «አይቻለሁ» ብዬ ጣቴን አሳርፋለሁ። ሰው አየው እንዲባል ነው እንጂ ማየቴን የሚፈልገው የለም። ሰፈር ውስጥ ግን የምታወቀው በወሬዬ ነው። አንድ ጊዜ ከኮንቴይነር ውስጥ አዞ ተፈልፍሎ ወደ ሰፈር ወርዷል ብዬ ሁለት ቀበሌ ሙሉ በር አስቆልፌያለሁ። የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ቱፋ እስከ ዛሬ ቦይ ሲሻገሩ ወደ ታች ያያሉ።

እንዲህ ያለ ሰው መጽሐፍ ቢጽፍ አይገርምም። ዘጠኝ ዓመት ስጽፍ የኖርኩት ስለ አንድ የመርከብ ካፒቴን ነው። ካፒቴኑ ሞጆ ላይ ወደብ አለ ሲባል ይሰማል፤ ደረቅ መሆኑን የነገረው የለም። መርከቡን ከባሕር አውጥቶ፣ በአራት መቶ ግመል እያስጎተተ፣ በአፋር በረሃ በኩል ይመጣል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መጥቶ መጥቶ ገና አዋሽ አርባ ላይ ነው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሰዓት አጥቶ ነው።

የኑሮ ሚዛን ጽሕፈት ቤት ከተቋቋመ ወዲህ ሁላችንም እጃችን ላይ ቆጣሪ አለ። ጠዋት ስትነሳ «ንጽሕና፣ ስድስት ደቂቃ» ይልሃል። ቁርስ፣ ዘጠኝ። ከትዳር ጓደኛ ጋር መነጋገር አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚህ ውስጥ አራቱ ማዳመጥ። ሥራ፣ መንገድ፣ ጸሎት፣ እንቅልፍ፣ ሁሉም ልኩ አለው። በልክህ ከሆንክ ዝም ይላል። ከወጣህ በዚያች በተረጋጋች የሴት ድምፅ «ከዕቅድ ውጭ ነዎት» ይልሃል። ነዎት ይለኛል፣ በአክብሮት። ደሜን የምታፈላው ይህች አክብሮቱ ናት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልብ ወለድ መጻፍ የት የሚመደብ ይመስልሃል? «ልዩ ልዩ» ውስጥ ነው። ልዩ ልዩ ለአንድ ቤት በቀን አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ከጥፍር መቁረጥ፣ ከማዛጋት፣ ቁልፍ ከመፈለግ፣ ከባልና ሚስት ጠብ ጋር አንድ ላይ። እኔና ባለቤቴ እታፈራሁ አንዱን ጠብ በጥቅምት ጀምረን፣ በቀን ሦስት ሦስት ደቂቃ እየተጣላን፣ የጨረስነው በገና ዋዜማ ነው። መጨረሻው አካባቢ ጠቡ ስለ ምን እንደነበር ለማስታወስ ብቻ አንድ ደቂቃ ይሄድብን ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሁሉም ሰው የግል ግቡን ያስመዘግባል፤ ለግል ግብ በቀን አርባ ደቂቃ ይሰጣል። እኔም ቀበሌ ሄጄ ግቤ መጽሐፌን መጨረስ ነው አልኩ። ያስተናገደኝ ሰው ክፉ አልነበረም። ዝርዝሩን አዙሮ አሳየኝ፤ ስድስት ግብ አለ፣ ልብ ወለድ የለም። ስለምነው «ሙያዊ ጽሑፍ» ውስጥ አስገባኝ። እዚያ በቀን አራት ገጽ ይጠበቃል፤ የሰረዝከው ደግሞ ይቀነስብሃል። በአሥረኛው ቀን ከድሮው አንድ ረጅም ምዕራፍ አልጥም ብሎኝ ቀድጄ ጣልኩት። በማግስቱ «ግብዎ ከዜሮ በታች አሥራ ሰባት ገጽ ላይ ይገኛል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። እስቲ አስበው። መጽሐፍ ያልጻፈ ሰው ሞልቷል፤ ምንም ካልጻፈው ሰው በታች የወረድኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ግቤ ተሰርዞ በምትኩ ከዝርዝሩ አንደኛው ተሰጠኝ፤ ውፍረት መቀነስ። እኔ ሃምሳ አንድ ኪሎ ነኝ። ነፋስ ሲነፍስ ኮንቴይነር ይዤ የምቆም ሰው ነኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አርባ ደቂቃ ከሌለኝ ስብ ጋር እሮጣለሁ።

እታፈራሁም የራሷ አለባት። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ አዋላጅ ለመሆን ትማራለች። ሁለት ጊዜ ተፈትና ወድቃለች። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፤ ከወደቀች ወንበሯ ለሌላ ይሰጣል። የእሷ ግብ እንኳን ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ አርባ ደቂቃዋን ማንም አልነካባትም። ግን መጽሐፉ ስምንት መቶ ገጽ ነው። ወጥ እያማሰለች ስለ ምጥ ታነባለች፤ ቆጣሪው «ከዕቅድ ውጭ ነዎት» ይላታል፤ ማማሰያውን ትወረውራለች፤ ወጡ ያርራል፤ ለወጥ ማረር ደግሞ ደቂቃ አልተመደበም። ስለዚህ ሁለታችንም ዓይናችን ያቺ አሥራ አንድ ደቂቃ ላይ ነበር። እሷ «ዛሬ ላንተ ትሁን» ትላለች፤ እኔ «የለም፣ ላንቺ» እላለሁ፤ እንዲህ ስንባባል አራቱ ያልቃል።

ቆጣሪው ዝም የሚልበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ ለቅሶ ቤት።

ጽሕፈት ቤቱ ሲቋቋም ለሐዘንም ደቂቃ ሊመድብ ነበር፤ ለቅርብ ዘመድ ዘጠና፣ ለጎረቤት ሃያ አምስት። ያን ጊዜ የከተማው ዕድሮች ጥሩንባቸውን ይዘው መጡና ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ድንኳን ተክለው ሦስት ቀን ተቀመጡ። ኃላፊው ወጥቶ ማን ሞቶ ነው ቢላቸው ጋሽ ቱፋ «እናንተ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ድንኳን ውስጥ የገባ ሰው እስኪወጣ አይቆጠርም ተባለ።

እኔ ይህን ቀዳዳ ያገኘሁት በአንድ ጎረቤታችን ለቅሶ ላይ ነው። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ወረቀት አወጣሁ፣ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፣ ምንም ድምፅ የለም። ከዚያ በኋላ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ቀድሜ የምደርስ እኔ ሆንኩ። የማላውቀውን ሰው አለቀስኩ። እስከ ቢሾፍቱ ድረስ እየሄድኩ አለቀስኩ። የሟች ዘመዶች ይህ ቀጭን ሰውዬ ማነው ብለው ይጠያየቁና፣ ማንም ይሁን ማን ከሁላችን በላይ የተጎዳው እሱ ነው ብለው ምሳ ደርበው ይሰጡኛል። ካፒቴኔ ከሚሌ ተነስቶ አዋሽ አርባ የደረሰው በአሥራ ዘጠኝ ሰው ሞት ነው።

ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ግን እስቲ ፍረዱ፣ ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ? አንድ ሰው የራሱን አንድ ሰዓት እንዲያገኝ ሌላ ሰው መሞት አለበት ብዬ ያወጅኩት እኔ ነኝ?

ከዚያ የካቲት ገባና ሰው መሞት አቆመ። አምስት ሳምንት ሙሉ አንድም ጥሩንባ አልተነፋም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጉንጫቸው ቀላ። የእታፈራሁ ፈተና መጋቢት አሥራ አራት ነው፤ የቀራት ሦስት መቶ ገጽ ነው። ለእያንዳንዱ ለታመመ ሰው መዳንን መመኘት እየከበደኝ ሲመጣ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ ብዬ አልጋ ላይ የዋሉትን ሰዎች መጠየቅ ተውኩ።

ጋሽ ዝቅአርጋቸው የመጡት ያኔ ነው። መጋቢት መባቻ ላይ፣ በመነጋገሪያ ሰዓታችን፣ እታፈራሁ ሽንኩርት እየላጠች እንባዋ ይወርዳል። እኔ አየኋትና ሐሳቡ መጣልኝ።

«አጎትሽ ሞቷል» አልኳት።

«የቱ አጎቴ?»

«የሌለሽ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። የቀረውን አምስት ደቂቃ አጎትየውን የት እንደምንገድል ስንማከር ጨረስነው።

ሬሳ አያስፈልግም። ሩቅ አገር ሞቶ እዚያው ለተቀበረ ሰው መርዶው ሲደርስ ድንኳን ይተከላል፣ ሦስት ቀን ይለቀሳል፤ ወጋችን ነው። ስለዚህ አጎትየው መተማ ማዶ ሞቱ። ስማቸውን ዝቅአርጋቸው አልናቸው፤ ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራ በሕይወት ያለ ሰው እንዳይገኝና እንዳንጣላ። ጋሽ ቱፋ ዘንድ ሄጄ ፊቴን አጨፍግጌ መርዶውን ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ቦይ ሲሻገሩ እንደሚያዩት ዓይነት አስተያየት።

«ስንት ቀን ነው የምትፈልጉት?» አሉኝ።

«እንደ ወጉ ሦስት።»

ሌላ አልጠየቁም። ጥሩንባውን አስነፉ።

መጋቢት ስምንት ቀን ድንኳኑ ተተከለ። በመጀመሪያው ቀን አርባ ሰው መጣ። በሁለተኛው ሦስት መቶ። ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ ማለቴ አውቃለሁ፣ ግን ማንም ለማንም አልተናገረም፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሌላውን ሲጠቅስ አንድ ጊዜ ብቻ አይቻለሁ። የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ ዋቅጅራ የሚባል ሰው ከገባ ጀምሮ ጥግ ላይ ተኛ፤ ሐዘኑ ጥሎት ነው ተባለለት። ሁለት ወንድማማቾች ከስድስት ዓመት በፊት ያቋረጡትን ዳማ ከኪሳቸው አውጥተው ካቆሙበት ቀጠሉ። አንዲት የሂሳብ አስተማሪ ደግሞ የድንኳኑን ምሰሶ እያየች ትውላለች። ምን እያደረገች እንደሆነ ብጠይቃት ምንም አለችኝ፤ ምንም ስትል ፊቷ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር።

በሴቶቹ በኩል እታፈራሁ፣ ዋናዋ ሐዘንተኛ፣ ጥቁር ነጠላ ተከናንባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ከነጠላው ሥር ያ ስምንት መቶ ገጽ አለ። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሴቶች እየገለጡ ይጠይቋታል። ጎረቤታችን ጫልቱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ተንጋላ ሆዷን ሰጠቻትና የልጁ ራስ የት እንዳለ፣ ጀርባው ወዴት እንደዞረ ስትዳብስ ዋለች። እንግዳ ሰው ብቅ ሲል አንዷ «ወይኔ ጋሼ» ብላ ትጀምራለች፤ ሁሉም ይቀበላል፤ መጽሐፉ ይሸፈናል፤ እንግዳው ሲያልፍ «እሺ፣ የእንግዴ ልጁ አልወጣም እንበል፣ ምን ታደርጊያለሽ?» ይባላል።

እኔም ጻፍኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ብዙ አልጻፍኩም፤ ሳዳምጥ ዋልኩ። ለቅሶ ላይ ስለ ሟች አንድ ነገር መባል አለበት። የሚያውቃቸው የለም፣ ስለዚህ ሁሉም አወቃቸው። ዋቅጅራ ከእንቅልፉ ቀና ብሎ፣ ጋሽ ዝቅአርጋቸው አንድ ጊዜ አውቶቡሱ አዳማ መንገድ ላይ ሲበላሽበት ሌሊቱን ሙሉ አጫውተውት እንዳነጉት ተናገረና ተመልሶ ተኛ። አንዲት ባልቴት ሊያገቧት ሽማግሌ ልከው እንደነበር፣ እምቢ በማለቷ እስከ ዛሬ እንደሚቆጫት አወራች፤ የእውነት አለቀሰች። የዳማው ታናሽ ወንድም ሲሸነፉ ይስቁ ነበር አለ፤ ታላቁ ተሸንፈው አያውቁም አለ፤ ሊጣሉ ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካፒቴኔን እንዲህ አድርጌ ማስነሳት አልቻልኩም። ሽማግሌው ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ ጉሮሯቸውን ጠርገው የሚመጡ መሰለኝ። ቀናሁባቸው።

በሦስተኛው ቀን ከጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣች። ወይዘሪት ማስተዋል ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ጫማዋን ጠርጋ ገባች፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ አለች፣ ከዚያ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ከዕቅድ እንደጠፋ ነገረችን። ስትቀመጥ የእጇን ቆጣሪ አየችው። እሱም ዝም ብሏል። ከሚገባው በላይ ረዘም አድርጋ አየችው።

ስለ ሟች ጠየቀች፣ ሰውም መለሰላት። ረጅም ነበሩ፣ አጭር ነበሩ። አንድ ዓይናቸው አያይም ነበር፤ የለም፣ ንሥር ነበሩ። ሁሉንም ጻፈች። መጨረሻ ላይ የሞቱበትን መዝገብ ፈልጋ እንዳጣች፣ የተወለዱበትንም እንዳጣች ተናገረች።

ጋሽ ቱፋ «ልጄ» አሏት፣ «መመዝገብ የማይወዱ ሰው ነበሩ።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ሳቅ ያፈነ ድንኳን አይተህ ታውቃለህ? ሸራው ይንቀጠቀጣል።

እሷ አልሳቀችም። ወረቀቷን አጠፈችና ቀስ ብላ ተናገረች፤ «ይህን ሰው የፈጠረ አንድ ሰው አለ። ከታወቀ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ ከእሱ አያልፍም። ካልታወቀ ጥፋቱ የዕድሩ ነው። ከነገ ጀምሮ ድንኳን ይቆጠራል።»

የሚቆጠር ድንኳን። ለጎረቤት ሃያ አምስት ደቂቃ። ዳማው ቆመ። ዋቅጅራ እንኳ ነቃ።

እዚህ ላይ ደንቡን ማወቅ አለብህ። ጥፋቱ የተማሪዋ ከሆነ ወንበሯ በዚያው ቀን ይሰረዛል። የባሏ ከሆነ እሷን አይነካትም። ፈተናው አራት ቀን ቀርቶታል። እና ከሴቶቹ በኩል ጥቁሩ ነጠላ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እታፈራሁ፣ እግዜር ይስጣትና የዋህ ሴት ናት፣ የእኔን ጥፋት በራሷ ላይ ልትወስድ አንድ ጉልበቷን አንስታ ነበር። ጫልቱ ቀሚሷን ጎትታ ያዘቻት። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሚስቴ እስካሁን የእውነት አጎቷ ይመስሏታል። ከፈለግሽ ስለ አዞው ጠይቂ።»

«አዞውም የሱ ነው» አሉ ከኋላ፤ ሁለት ቀበሌ መሰከረብኝ።

ወይዘሪት ማስተዋል ለምን እንዳደረግኩት ጠየቀችኝ። መጽሐፍ ልጨርስ ብዬ ነው አልኩ። ስለ ምን አለች። ቆሜ ስለ ካፒቴኑ ነገርኳት፤ ስለ ግመሎቹ፣ መልሕቁን አሸዋ ላይ ጥሎ ስለሚያድርበት፣ ኬላ ላይ ወታደር ሲያስቆመው ዓሣ እያጠመድኩ ነው ስለሚለው። አልጻፈችም። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ይደርሳል?»

«ሰዓት ካገኘ» አልኳት።

ወዲያው አልሄደችም። ጫማዋን አውልቃ አስተማሪዋ አጠገብ ተቀመጠች፣ ድንኳኑ እስኪነቀል ምሰሶውን ሲያዩ ዋሉ። ከዚያ ተነሥታ ጫማዋን አድርጋ፣ ከደጁ ስትወጣ ቆጣሪዋ «ከዕቅድ ውጭ ነዎት» ሲላት ሰማሁ። ምስኪን ናት አልልም። በሳምንቱ ውሳኔዋን ላከችልኝ፤ ድንኳኑ እንደ ወትሮው አይቆጠርም፣ ሽብሩ ወርዶፋ ግን ሦስት ዓመት ከእውነት በቀር እንዳይጽፍ፣ የልዩ ልዩ ድርሻውም እንዲዘጋ፣ የእጅ ጽሑፉም በማስረጃነት እንዲወሰድ። ካፒቴኑን ከነግመሎቹ ካርቶን ውስጥ አድርገው ወሰዱት። አራት መቶ ግመል መሳቢያ ውስጥ ቆልፈዋል። ዘጠኝ ዓመቴን ተረክበው በፈረሙልኝ ወረቀት ላይ «አንድ ጥቅል፣ ልዩ ልዩ» ተብሎ ተጽፏል። የማቀርበው አቤቱታ ይህ ነው፤ ልዩ ልዩ አይደለም። ሌላው ሁሉ ነው ልዩ ልዩ። ሥራዬ፣ ሩጫዬ፣ ስድስት ደቂቃ ንጽሕናዬ፣ እነሱ ናቸው ልዩ ልዩ።

እታፈራሁ አለፈች። የተግባር ልምምዷንም ጨርሳ ዛሬ ጠዋት ምስክር ወረቀቷን ተቀብላለች፤ ግድግዳው ላይ ሰቅለነዋል። ደንቡን በጣቴ እየተከተልኩ አንብቤዋለሁ፤ አንዴ የተሰጠ ምስክር ወረቀት በኋላ በተገኘ ጥፋት አይነጠቅም። ስለዚህ አሁን ልናገር።

አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ። ሽንኩርቱን የምልጠው እኔ ነበርኩ። እያነባሁ ነበር። እታፈራሁ ከወዲያ በኩል መጽሐፏን አስደግፋ ቆየችና፣ ዓይኗን ከገጹ ሳታነሳ «አጎቴ ሞቷል» አለችኝ። የቱ አጎትሽ ብላት «የሌለኝ» አለች። መተማን ያመጣችው እሷ፣ ዝቅአርጋቸው ብላ የሰየመችው እሷ። ያን ቀን ከሴቶቹ መሀል ጉልበቷን ያነሳችው የኔን ልትሸከም አልነበረም፤ የራሷን ልትቀበል ነው። እኔ ቀድሜ ተነሳሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ውሸታም ተብዬ ስሞገስ ኖሬ፣ ይህች ከተማ ካየችው ውሸት ሁሉ የሚበልጠውን ከሚስቴ ሰረቅኩ። ማታ ስትጠይቀኝ ላተርፍሽ ብዬ ነው አልኳት። ግማሹ ቅናት ነበር።

እናቴን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

እናንተ ደግሞ፣ አንድ ውሸት ስለተገኘበት ይህ ጽሑፍ ልብ ወለድ ነው ካላችሁ ኑና ውሰዱት። ስታስቀምጡት ግን ካፒቴኑ ካለበት መሳቢያ አድርጉልኝ። አዋሽ አርባ ላይ ብቻውን ነው፤ ጋሽ ዝቅአርጋቸው ያጫውቱታል።